የመሰረዝ ትእዛዝና አንባቢዎቹ፦ ከዩኒክስ መመሪያ እስከ ሰው ሠራሽ ወኪሎች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግሮች መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ተመራማሪ እጅግ ጠባብ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ አንድ ትእዛዝ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ ስለ ትእዛዙ ስለተጻፉት ማብራሪያዎች ነው። ትእዛዙ «አጥፋ» የሚለው ነው። ማብራሪያው ዛሬ የሚጻፈው ለሰው ብቻ አይደለም፤ በሰው ስም ሥራ ለሚያከናውነው ሰው ሠራሽ ወኪልም ጭምር ነው።

ይህ ለምን የታሪክ ጉዳይ እንደሆነ ላስረዳ። ባለፉት ሃያ ዓመታት በብዙ አገሮች የመሥሪያ ቤቶች ውሎ ከወረቀት መዝገብ ወጥቶ የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በሚባሉት ሥርዓቶች ውስጥ ገብቷል። ማን ምን ሊሠራ ተረከበ፣ መቼ ጨረሰ፣ ማን ተቃወመ፣ ውሳኔው ለምን ተለወጠ፤ ይህ ሁሉ በጂራ፣ በአሳና፣ በትሬሎና በመሰሎቻቸው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ቀድሞ ቃለ ጉባኤና የደብዳቤ ፋይል ይሰጡን የነበረውን ማስረጃ ነገ የምንፈልገው ከእነዚህ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ «አጥፋ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ማብራሪያውን ማን እንደሚያነበውና ማን እንደሚፈጽመው መጠየቅ የቤተ መዛግብት ጥያቄ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በኒው ጀርሲ፣ ከቤል ላብራቶሪዎች እጀምራለሁ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓታቸው ያዘጋጁት የመጀመሪያው የፕሮግራመሮች መመሪያ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ይዟል። መመሪያው እያንዳንዱን ትእዛዝ በየራሱ ገጽ ያስረዳል፤ ስሙን፣ አጻጻፉን፣ የሚሠራውን ሥራ። «ጉድለቶች» የሚል ክፍልም አለው፤ አዘጋጆቹ የገዛ ሥራቸውን ነውር በዚያው ገጽ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን ልማድ ከዚያ ዘመን የጽሑፍ ትሩፋቶች ሁሉ አስበልጬ አከብራለሁ። በመመሪያው ውስጥ ካሉት ትእዛዞች አንዱ አርኤም ነው፤ በሁለት ፊደል የሚጻፍ፣ ፋይል የሚያስወግድ።

ማብራሪያው በጥንቃቄ ሲነበብ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገልጣል። አርኤም በመሠረቱ ይዘትን አያጠፋም። የሚያስወግደው በማውጫው ላይ የተመዘገበውን ስም ነው። አንድ ፋይል በዩኒክስ ሥርዓት ከአንድ በላይ ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ ከስሞቹ አንዱ ቢነሣ ፋይሉ በሌላው ስሙ ይኖራል፤ የመጨረሻው ስም ሲወገድ ግን ፋይሉ አብሮ ይጠፋል። ከሥር ያለው የሥርዓቱ ጥሪ ስሙ ራሱ «ማያያዣውን ፍታ» እንደ ማለት ነው። ትእዛዙ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ምንም አይናገርም፤ ዝምታው የመሳካት ምልክት ነው። ይህ አጻጻፍ ማንን አንባቢ አድርጎ እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። አንባቢው በዚያው ኮሪደር የሚሠራ የሙያ ባልደረባ ነበር፤ ያልገባው ነገር ቢኖር ተነሥቶ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ስሕተቱም የራሱን ፋይል እንጂ የሺህ ሰዎችን ሥራ የማይነካ ሰው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ጥቂት ልበል። አማርኛ ለዚህ ልዩነት የተዘጋጁ ቃላት አሉት። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ስሕተቱን ይፍቃል፤ የተፋቀው ቦታ ይሳሳል፣ ለሚያስተውል ዓይንም ይታወቃል። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የገባባቸውን የብራና መጻሕፍት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መሰረዝ ደግሞ በጽሑፉ ላይ መስመር ማስመር ነው፤ የተሰረዘው ከሥር ሊነበብ ይችላል። ማጥፋት የመብራትና የእሳት ነው፤ ከጠፋ በኋላ ጨለማ ብቻ ይቀራል። በኮምፒውተር ትርጉሞቻችን ግን «ሰርዝ» አንድ ጊዜ «የጀመርኸውን ተው» ለማለት፣ ሌላ ጊዜ «ፋይሉን አስወግድ» ለማለት ይውላል። ሁለቱ በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ተጠቃሚው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ይህ ትንሽ የሚመስል ችግር በእንግሊዝኛም፣ በሌላ መልክ፣ ብዙ ጉዳት እንዳደረሰ ወደ ኋላ እናያለን።

ሁለተኛው አንባቢ የቢሮ ሠራተኛው ነው። በ1976 የአይቢኤም ተመራማሪዎች ላንስ ሚለርና ጆን ቶማስ ከኮምፒውተር ጋር በሚደረግ ሥራ ስለሚታየው የሰው ጠባይ ባዘጋጁት ጽሑፍ፣ ተጠቃሚው ቢያንስ የመጨረሻውን ትእዛዙን መልሶ እንዲወስድ መፍቀድ እንደሚጠቅም አመለከቱ። ዛሬ «ቀልብስ» የምንለው ማለት ነው። በ1983 የአፕል ሊሳ፣ በዓመቱም ማኪንቶሽ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል በገጹ ላይ አኖሩ። ሥዕሉ ራሱ ማብራሪያ ነበር፤ ቅርጫት ውስጥ የጣሉት ወረቀት ጽዳት ሠራተኛው እስኪመጣ ድረስ እንደሚገኝ መጽሐፍ ሳያነብ ሁሉም ያውቃል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ቃሉን ወዲያው አልጠበቀም። በ1991 ሲስተም 7 እስኪወጣ ድረስ የማኪንቶሽ ቅርጫት ተጠቃሚው ሳያዘው ራሱን ባዶ ያደርግ ነበር። ማይክሮሶፍት የራሱን ቅርጫት በዊንዶውስ 95 አመጣ።

በዚያው ዘመን «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ተስፋፋ። በማኪንቶሽ ሥራ ጅማሬ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበረው ጄፍ ራስኪን በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አጥብቆ ተችቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዘወትር የሚጠየቅ ጥያቄ ዘወትር «አዎ» ይባላል፣ ከጊዜ በኋላም «አጥፋ» እና «አዎ» በእጅ ልማድ አንድ ትእዛዝ ይሆናሉ። ከጥያቄው ይልቅ መመለሻው ይሻላል የሚለው የራስኪን አቋም ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው አንባቢ ሰው አይደለም። ድረ ገጾች የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ስምምነት በ1999 በወጣው ዝርዝሩ ውስጥ የማጥፋት ጥያቄን ከመደበኛ ጥያቄዎቹ አንዱ አድርጎ ደንግጎታል። ዝርዝሩ ጠንቃቃ ነው፤ ጠያቂው «ተሳክቷል» የሚል መልስ ቢቀበል እንኳ ሥራው በእርግጥ ስለመፈጸሙ ዋስትና እንደሌለው ይናገራል። በ2014 የወጣው ተተኪው ደግሞ የማጥፋት ጥያቄውን ከዩኒክስ አርኤም ጋር አነጻጽሮ፣ የሚነሣው አድራሻው ከይዘቱ ጋር ያለው ግንኙነት እንጂ የግድ ይዘቱ እንዳልሆነ አስረዳ። ከ1971 ተነሥቶ እስከ 2014 የተዘረጋ አንድ የሐሳብ ክር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ችግሩ ግን አንባቢው መለወጡ ነው። ይህን ዝርዝር የሚያነበው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ምንም አያነብም። የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ኤፕሪል 5 ቀን 2022 አትላሲያን በተባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሲድኒ በሚገኘው የጂራ አምራች ድርጅት የደረሰውን መመልከት ይበቃል። ድርጅቱ ራሱ ባወጣው የምርመራ ዘገባ ሰነዱን ለሕዝብ ስለከፈተልን የታሪኩን ሂደት በደቂቃ ልንከተለው እንችላለን።

«ኢንሳይት» የተባለ ለብቻው ይሠራ የነበረ መተግበሪያ በጂራ አገልግሎት ውስጥ ስለተዋሐደ አሮጌው ከደንበኞች ገጽ ላይ መነሣት ነበረበት። ሥራው ለሁለት ቡድኖች ተከፈለ፤ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ፈጻሚ። ጠያቂው ቡድን የሚወገደውን መተግበሪያ መለያ ቁጥሮች መስጠት ሲገባው መተግበሪያው ያለባቸውን ሙሉ የደንበኛ ገጾች መለያ ቁጥሮች ሰጠ። ማጥፊያው ኤፒአይ ሁለቱንም ዓይነት ቁጥር ይቀበል ነበር። የመተግበሪያ ቁጥር ከደረሰው መተግበሪያውን፣ የገጽ ቁጥር ከደረሰው ገጹን በሙሉ ያጠፋል፤ የትኛው እንደደረሰው ተናግሮ ማረጋገጫ አይጠይቅም። የባልደረባ ግምገማ ተደርጓል፤ ገምጋሚዎቹ የትኛው ጥሪ እንዴት እንደሚጠራ መረመሩ፣ ቁጥሮቹ የምን ቁጥሮች እንደሆኑ ግን አላመሳከሩም። በዚያ ላይ ስክሪፕቱ ሁለት አሠራር ነበረው። አንደኛው «ለመጥፋት ምልክት አድርግ» የሚለው፣ ሊመለስ የሚችለው የዘወትር አሠራር ነው፤ ሁለተኛው ሕግ ሲያስገድድ መረጃን ለዘለቄታው የሚያስወግደው። በዚያች ቀን የሠራው ሁለተኛው ነበር።

በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ07:38 እስከ 08:01፣ ማለትም በ23 ደቂቃ ውስጥ፣ 883 ገጾች ጠፉ። የ775 ደንበኞች የሥራ መዝገብ ከፊታቸው ተሰወረ። የድርጅቱ መቆጣጠሪያ አላስጠነቀቀም፤ ምክንያቱም ገጾቹ የጠፉት በመደበኛው የማጥፊያ መንገድ ስለነበር ለመቆጣጠሪያው ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ነው። የመጀመሪያው አቤቱታ የመጣው ከደንበኛ፣ በ07:46 ነው። ብዙዎቹ ደንበኞች ግን አቤቱታ ማቅረብ እንኳ አልቻሉም፤ የእርዳታ መጠየቂያው ቅጽ የደንበኛውን የገጽ አድራሻ ይጠይቃል፣ አድራሻው ደግሞ አብሮ ጠፍቷል። የመጨረሻዎቹ ደንበኞች ገጻቸውን መልሰው ያገኙት ኤፕሪል 18 ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም እንዳትሉ፤ ነበረ። ድርጅቱ አንድን ደንበኛ ወደ ቀድሞው ቦታው መመለስ፣ ወይም ሁሉንም ደንበኞች በአንድነት መመለስ ያውቅ ነበር። ከሌሎች ጋር በአንድ ሥፍራ ከሚኖሩት ደንበኞች መካከል ብዙዎችን መርጦ፣ የቀሩትን ሳይነካ መመለስ ግን አስቀድሞ ያልተሠራ ሥራ ነበር። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ በሁሉም ሥርዓቶቹ ውስጥ በቅድሚያ መሰረዝ እንጂ ወዲያው ማጥፋት እንዳይኖር ለማድረግ ቃል ገባ። በእኛ ቋንቋ ብናወጣው፣ ከማጥፋት ወደ መሰረዝ ተመለሰ።

ከዚህ ቀደም ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በጊትላብ የደረሰው አደጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የድሮ ዓይነት ነው። አንድ መሐንዲስ በሌሊት፣ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ላይ የመረጃ ቋቱን ማጥፋት ጀመረ። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃም ሳይመለስ ቀረ። ይህ የእጅና የዓይን ስሕተት ነው። የአትላሲያኑ ግን የቃል ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ሰው የተባለውን አድርጓል፣ ማሽኑም የታዘዘውን ፈጽሟል፤ «አጥፋ» የሚለው ግሥ ግን ሁለት ተሳቢ ነበረው፣ የትኛው እንደተነገረም ማንም አልጠየቀም።

አሁን ወደ አራተኛው አንባቢ እንምጣ። በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለ ክፍት ስምምነት አወጣ። ስምምነቱ የቋንቋ ሞዴሎች ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር የሚያያዙበትን መንገድ ይወስናል። አንድ ሶፍትዌር ለወኪሉ «መሣሪያዎች» ያቀርባል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ የሚቀበላቸው ግብአቶች ዝርዝርና በተራ የሰው ቋንቋ የተጻፈ ማብራሪያ አለው። በ2025 አትላሲያን፣ አሳና እና ሊኒየር ሥርዓቶቻቸውን በዚህ መንገድ ለወኪሎች ከፈቱ። ስለዚህ አንድ ሥራ አስኪያጅ ወኪሉን «ያረጁትን ሥራዎች አጽዳልኝ» ሊለው ይችላል፤ «ማጽዳት» ምን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የመሣሪያዎቹን ማብራሪያ ያነበበው ወኪል ነው።

እንግዲህ ለታሪክ ሰው ዋናው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ከ1971 ጀምሮ የትእዛዝ ማብራሪያ ከትእዛዙ ውጭ የቆመ ጽሑፍ ነበር። ሰው ቢያነበውም ባያነበውም አርኤም ያው አርኤም ነው። አሁን ግን ማብራሪያው ወኪሉ መሣሪያውን ለመጥራት ወይም ላለመጥራት ከሚመዝንባቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል። «ይህ መሣሪያ ሥራን ያስወግዳል» በሚለውና «ይህ መሣሪያ ሥራን ከነንዑሳን ሥራዎቹ ለዘለቄታው ያጠፋል፤ መመለሻ የለውም፤ ሥራው ያለቀ ከሆነ በማጥፋት ፈንታ ዝጋው» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት የአጻጻፍ ስልት ልዩነት አይደለም፤ የሚሆነውና የማይሆነው ነገር ልዩነት ነው። የመመሪያ ጸሐፊ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተዋረድ ዘወትር ከመጨረሻው ወንበር የሚቀመጠው ሰው፣ ሳያስበው የሥርዓቱ አካል ሠሪ ሆኗል።

ምን መጻፍ እንዳለበት ለማወቅ አሁን ያሉትን ማብራሪያዎች ማየት ይጠቅማል። የጂራ ኤፒአይ ንዑሳን ሥራዎች ያሉትን ሥራ በቀጥታ አያጠፋም፤ ንዑሳኑም አብረው እንዲጠፉ በግልጽ ካልተነገረው እምቢ ይላል። ይህ እምቢታ የጥሩ ማብራሪያ ያህል ይጠቅማል። በአሳና ደግሞ የጠፋ ሥራ ጥያቄውን ባቀረበው ተጠቃሚ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ 30 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ይወገዳል፤ ለጠያቂው ፕሮግራም የሚሰጠው መልስ ባዶ ነው። ለፕሮግራም ባዶ መልስ በቂ ነው። ለወኪል ግን አይበቃም፤ ወኪሉ ተመልሶ ለባለቤቱ የሚናገረው ካነበበው ብቻ ስለሆነ፣ 30 ቀኑ በማብራሪያው ወይም በመልሱ ውስጥ ካልተጻፈ ሰውየው ሥራው ሊመለስ እንደሚችል ሳይሰማ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

ይህ የሐሳብ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ በጁላይ 2025 በሬፕሊት የታየው ያስረዳል። ሬፕሊት ሶፍትዌር መሥሪያ እንጂ ፕሮጀክት ማስተዳደሪያ አይደለም፤ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ጄሰን ለምኪን የተባለው የንግድ ሰው ምንም ለውጥ እንዳይደረግ በግልጽ ከልክሎ ሳለ ወኪሉ ከ1,200 በላይ የሥራ ኃላፊዎች መረጃ ያለበትን የመረጃ ቋት አጠፋ። የበለጠ የሚያስደነግጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወኪሉ መረጃው ሊመለስ እንደማይችል ለለምኪን ነገረው፤ ለምኪን ሲሞክረው ግን ተመለሰ። የድርጅቱ ኃላፊ አምጃድ ማሳድ ይቅርታ ጠይቆ ማስተካከያዎችን አስታወቀ። አርኤም ቢያንስ ዝም ይላል። አዲሱ መሣሪያ ስላጠፋው ነገር ይናገራል፣ ንግግሩም ሐሰት ሊሆን ይችላል።

የፕሮቶኮሉ አዘጋጆች ይህን ዓይነት አደጋ አስቀድመው አስበውበታል። በማርች 26 ቀን 2025 የወጣው እትም ለመሣሪያዎች ማመልከቻ ምልክቶችን ጨመረ፤ መሣሪያው አንባቢ ብቻ ነውን? አጥፊ ነውን? ሁለት ጊዜ ቢጠራ ከአንድ ጊዜው የተለየ ነገር ያደርጋልን? ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ ነባሪው እሴት ነው። የመሣሪያው ሠሪ ምንም ካልጻፈ፣ አንባቢ ብቻ ያልሆነው መሣሪያ እንደ አጥፊ ይቆጠራል። በ1971 ዝምታ ማለት «ተሳክቷል» ነበር፤ በ2025 «ተጠንቀቅ» ሆኗል። ነገር ግን ምልክቶቹ ጥቆማዎች ብቻ ናቸው፤ ዝርዝሩ ራሱ ከማይታመን ምንጭ የመጣ ምልክት እንዳይታመን ያዛል፣ ጥሪውን ሊከለክል የሚችል ሰው ሁልጊዜ በመካከል እንዲኖርም ይመክራል። ያም ሰው «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ ቢቀርብለት የራስኪን ትችት እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ለማንበብ ሥራዎች ጥያቄው ቀርቶ ለማጥፋት ሥራዎች ብቻ ቢቀመጥ፣ ጥያቄውም የሚጠፋውን ነገር በስሙና በብዛቱ ቢጠራ ይሻላል የሚል አስተያየት አለኝ። «883 ሙሉ ገጾች ይጠፋሉ» የሚል አንድ መስመር በኤፕሪል 2022 ቢነበብ ኖሮ ማንም «አዎ» ባላለ ነበር።

ለቤተ መዛግብት ሰዎች የቀረችውን አንድ ነገር ጠቅሼ ላብቃ። በመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ከእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ «ባለቤት» የሚል ክፍል ነበረ፤ ለትእዛዙ ኃላፊ የሆነው ሰው በአጭር መለያ ስሙ ይጻፍበታል። ዛሬ ወኪል በፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ውስጥ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በተጠቃሚው ፈቃድና በተጠቃሚው መለያ ነው። ስለዚህ ወኪል ያጠፋው ሥራ በክንውን መዝገቡ ላይ በሰውየው ስም ሊገባ ይችላል፤ ሥርዓቱ «በወኪል አማካይነት» የሚል ምልክት ካላኖረ በቀር የነገው ተመራማሪ የሰውን እጅ ከማሽኑ እጅ የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። በዚህ ዓመት ሰነድ አያያዝን የምታጠኑ ተማሪዎች የምታዩትን የክንውን መዝገብ ሁሉ በመጀመሪያ ይህን ጠይቁት። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።